«ንቀለውና መልሰህ ሰካው»

(በጦር ኃይሎች ለኔትወርክ ሠልጣኞችና ለመስክ ቴክኒሺያኖች የተደረገ ዲስኩር)



ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ወደ አደባባዩ ስትወርዱ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን አስተውሉ። ከአያት ተነስቶ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዘው ቀላል ባቡር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያበቃው እዚህ ነው። የወረደው ተሳፋሪ ወደ አየር ጤና፣ ወደ ቤቴል፣ ወደ ዘነበወርቅ ታክሲ ይጠብቃል። ታክሲው ነዳጅ ሲቀዳ ሒሳቡን የሚከፍለው በስልኩ ነው፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መሸጥ ቀርቷል። አስፋልቱን ይዞ የተደረደሩት የባንክ ቅርንጫፎች በር ላይ ሰው ቁጭ ብሎ ተራውን ይጠብቃል። በየቅርንጫፉ ጓሮ፣ ብዙ ጊዜ ደረጃ ሥር ወይም የድሮ ፋይል በተከመረበት ክፍል ጥግ፣ አንድ የብረት ራክ ቆሟል። ራውተር አለበት፣ ስዊች አለበት፣ ዩፒኤስ አለበት። ራውተሩ ላይ ደግሞ ከአውራ ጣት ጥቂት ረዘም የምትል የብረት ቁራጭ ተሰክታለች። እሷ ያላግባብ ከወጣች ገንዘብ ከፋይዋ አንገቷን ቀና አድርጋ «ሲስተም የለም» ትላለች፤ ሰልፉም ባለበት ይቆማል።

ዛሬ የምናወራው ስለዚች ቁራጭ ነው። በሥራ ቦታ ኤስኤፍፒ እንላታለን፣ አንዳንዱም ሞጁል ብቻ ይላታል። ከአንድ ወገን የራውተሩን ኤሌክትሪክ ተቀብላ ወደ ብርሃን ትለውጣለች፣ ከሌላው ወገን በፋይበር የመጣውን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ትመልሳለች። ዋና ሥራዋ ይኸው ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. አምራቾች ተስማምተው አንድ ወጥ መጠን ስላበጁላት የአንዱ ፋብሪካ ሞጁል የሌላው ራውተር ላይ ይገጥማል። ይገጥማል አልኩ እንጂ ሁሌ ይሠራል አላልኩም፤ ራውተሩ ውስጧ የተጻፈውን የአምራች ስም አንብቦ «አላውቃትም» ብሎ የሚዘጋበት ጊዜ አለ።

ለመንቀል ደግሞ ዲስኩር ያስፈልጋል ወይ የሚል አይጠፋም። እኔን ያስነሳኝ በየቢሮው የምሰማው አንድ ምክር ነው። መስመር ወረደ ተብሎ ስልክ ሲደወል ከወዲያ በኩል ያለው ባለሙያ ገና ችግሩን ሳይጠይቅ «ንቀለውና መልሰህ ሰካው» ይላል። ይህ ምክር የመጀመሪያው ሳይሆን የመጨረሻው መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ለዚህ የቆመ ነው።

ምክሩ ከየት መጣ? ሞጁሏ የተሠራችው መሣሪያው ሳይጠፋ እንድትገባና እንድትወጣ ሆና ስለሆነ ነው። ጀርባዋ ላይ 20 የወርቅ ቅብ መነካኪያዎች አሉ፤ ርዝመታቸው ግን እኩል አይደለም። ስትሰካ መጀመሪያ የሚነካው የመሬት መስመሩ ነው፣ ቀጥሎ የኃይል፣ ከሁሉም መጨረሻ የመረጃው። ስትነቀል ይህ ቅደም ተከተል ይገለበጣል፤ መሬቱ እስከ መጨረሻ ይዟት ይቆያል። ቢያዩት የሚያስደስት ሥራ ነው፤ መሐንዲሱ የእኛን ችኮላ አስቀድሞ ያሰበበት ይመስለኛል። ዳሩ ግን ይህ ጥበቃ የተሠራው ለራውተሩ ሰርኪት ነው። በመስመሩ ላይ ላለው ብር አስተላላፊ፣ ለታካሚ መረጃ፣ ለነዳጅ ማደያው ክፍያ አልተሠራም። መሣሪያው ይችላል ማለት ሥራው ይፈቅዳል ማለት አይደለም።

በዚያ ላይ ሞጁሏ ዕድሜ አላት። ያንኑ መጠን የደነገገው የአምራቾች ሰነድ ለሞጁሏ የሰጣት የመሰካትና የመንቀል ጊዜ 50 ነው፤ ራውተሩ ላይ ላለው ቤቷ ደግሞ 100። በሳምንት አንዴ «ንቀለውና መልሰህ ሰካው» የሚባልበት ቢሮ ዓመት ሳይሞላው 50ውን ይጨርሳል። ያኔ የላላ መነካኪያ፣ አንዴ የሚሠራ አንዴ የሚጠፋ መስመር ይመጣል፤ እኛም መድኃኒቱ ያው መንቀል መስሎን መልሰን እንነቅላለን።

እንግዲህ ከመንቀል በፊት ምን ይደረግ? ማንበብ። ዛሬ በየራካችን ያሉት አብዛኞቹ ሞጁሎች ስለ ራሳቸው ይናገራሉ። ራውተሩ ላይ ገብታችሁ የትራንሲቨሩን ዝርዝር ብትጠይቁት ሙቀቷን፣ የምትልከውን ብርሃንና የምትቀበለውን ብርሃን በዲቢኤም ይነግራችኋል። የ10 ኪሎ ሜትሯ ሞጁል ባብዛኛው የምትልከው ከ−3 እስከ −9 ዲቢኤም ባለው መካከል ነው፤ የምትቀበለው ከ−19 አካባቢ በታች ሲወርድ መስማት ያቅታታል። አሁን ቁጥሩን አንብቡ። መላኩ −5 ሆኖ መቀበሉ −40 ከሆነ ሞጁሏ ደህና ናት፤ ከወዲያ የሚመጣ ብርሃን የለም ማለት ነው። ጉዳዩ ያለው ውጭ ነው። በኛ ከተማ ደግሞ ውጭ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ፤ መንገድ ይሰፋል፣ የእግረኛ ወለል ይነጠፋል፣ ቱቦ ይቀበራል፣ ኤክስካቫተሩ አንዴ ጥርሱን ሲያስገባ ፋይበሩ ከነቱቦው ይወጣል። ኤክስካቫተር የበጠሰውን መስመር ራውተር ላይ በመንቀል የጠገነ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። እንዲህ ባለው ቀን የሚሻለው ራኩን ዘግቶ ለመስመር አቅራቢው መደወል ነው፤ ቁጥሩን ከነገራችሁት ደግሞ ንግግሩ በግማሽ ያጥራል።

መላኩ ራሱ ከወደቀ፣ ሙቀቷ ከተወሰነላት 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ፣ ወይም ራውተሩ ሞጁሏን ጭራሽ ካላያት፣ አሁን ለመንቀል ምክንያት አገኛችሁ። ስለ ሙቀት አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያቀዘቅዘው በባሕር ዳርቻ ካለው ያነሰ ነው። ከተማዋ ቀዝቃዛ ናት ብላችሁ ራኩን በካርቶን አትክበቡት።

ከመንካታችሁ በፊት የማን መንገድ እንደሆነ እወቁ። በላዩ የሚያልፈው የአንድ ቅርንጫፍ ብቻ ነው ወይስ የሦስት? ሁለተኛ መስመር አለው? ካለው እሱ ዛሬ በርግጥ ይሠራል? ተጠባባቂው መስመር ከወር በፊት ሞቶ ማንም ሳያውቅ የቆየበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም፤ ዋናውን የነቀለ ቴክኒሺያን ነው መርዶውን የሚሰማው። የቅርንጫፉን ሥራ አስኪያጅ አናግሩ፣ ሰዓት ተስማሙ፣ ተስማምተንበታል የሚል አንድ መስመር ጻፉ። ይህን ቢሮክራሲ የሚል ወጣት አለ፤ ደንበኛ ሞልቶ በረቡዕ ጠዋት መስመር ካወረደ በኋላ ሐሳቡን ይቀይራል።

ቀጥሎ ፖርቱን በትዕዛዝ ዝጉ። ይህ ሁለት ጥቅም አለው። ራውተሩ መንገዱ መዘጋቱን አውቆ ትራፊኩን ወደ ሌላው ያዞራል፤ ሁለተኛውና እኔ የምወደው ግን ዓይናችሁን ያስተካክልላችኋል። ፖርቱን ስትዘጉ አረንጓዴ መብራቱ የጠፋው የቱ ጋ ነው? እናንተ እጃችሁን ያስቀመጣችሁበት ላይ ካልሆነ ቁጥሩን ተሳስታችኋል። በዚህ ሥራ የሚደርሰው ትልቁ ጉዳት የተበላሸችውን ሞጁል በመንቀል የመጣ አይደለም፤ አጠገቧ ያለችውን ደህናዋን በመንቀል ነው። ከሩቅ ሆናችሁ በዚያው መስመር ገብታችሁ ከሆነ ደግሞ አትዝጉ፤ ራሳችሁን ውጭ ዘግታችሁ ትቀራላችሁ።

አሁን ወደ እጃችሁ እንምጣ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ነው፤ ሹራብ ስታወልቁ ጭለማ ውስጥ ብልጭ የሚለውን አይታችኋል። ሰው ይህ ፍንጣሪ የሚሰማው 3,000 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ነው ይባላል፤ ሞጁሏ ውስጥ ያለውን ሌዘርና ቺፕ ለመጉዳት ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ይበቃል። ስለዚህ ሳይሰማችሁ ትገድሏታላችሁ፤ ብዙውን ጊዜም ወዲያው አትሞትም፣ ከወራት በኋላ ነው የምትደክመው፤ ያኔ «ቻይና ነው፣ አይረባም» እንላለን። የእጅ ማሰሪያውን አድርጉ፤ ሽቦውን ቀለም ባልተቀባ የራኩ ብረት ላይ ወይም መሣሪያው ላይ በተዘጋጀለት ቀዳዳ አያይዙት። ቀለም ላይ የተያዘ ማሰሪያ ጌጥ ነው። ማሰሪያ ከሌላችሁ ቢያንስ ባዶውን ብረት ነክታችሁ ጀምሩ፤ ግን ቢሮው ይግዛላችሁ፤ ዋጋው ለአንዲት ሞጁል ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም።

መጀመሪያ የሚወጣው ፋይበሩ ነው፣ ሞጁሏ አይደለችም። ፓች ኮርዱን ከጫፉ፣ ማለትም ከፕላስቲክ ራሱ፣ ምላሱን ጫን አድርጋችሁ ሳቡት፤ ገመዱን ይዛችሁ አትጎትቱ። ሁለት ክር ከሆነ የትኛው በግራ እንደነበረ ምልክት አድርጉ። ገመዱን ጣታችሁ ላይ አትጠቅልሉ፤ የተለመደው የነጠላ ሞድ ፋይበር ከ3 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ዙር ሲታጠፍ ብርሃን ማፍሰስ ይጀምራል።

እዚህ ላይ ስለ ዓይን ልቆይ፣ ምክንያቱም ቀልድ የለበትም። በዚህ ፋይበር የሚሄደው 1310 ወይም 1550 ናኖ ሜትር የሆነ ብርሃን ነው፤ የሰው ዓይን ከ700 ገደማ በላይ አያይም። ጨለማ የመሰላችሁ ቀዳዳ እየበራ ሊሆን ይችላል። «በስልኬ ካሜራ አየሁት፣ ምንም የለም» የሚል ዘዴ በየሰፈሩ አለ፤ የስልኩ ሴንሰር ግን ከ1100 ናኖ ሜትር በላይ ያለውን አይቀበልም፣ ስለዚህ ምንም አላየሁም ማለቱ ምንም የለም ማለት አይሆንም። በእናንተ በኩል ፖርቱን ብትዘጉም ከወዲያኛው ጫፍ የሚመጣው ሌዘር አይጠፋም። የቢሮ ሞጁሎች በአብዛኛው አንደኛ ደረጃ ተብለው የተመደቡ ናቸው፤ በተለመደው አያያዝ ጉዳት አያደርሱም። በማጉያ መነጽር ወይም በፋይበር ማይክሮስኮፕ ብርሃን ያለበትን ጫፍ ማየት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ማጉያው ብርሃኑን ሰብስቦ ዓይናችሁ ውስጥ ይከተዋል። ረጅም ርቀት የሚሄዱት፣ በመሐል ማጉያ ያለባቸው የጀርባ አጥንት መስመሮች ኃይላቸው ከዚህ የትየለሌ ይበልጣል። ባሕር በር የሌለን አገር ስለሆንን ዓለም አቀፉ ኢንተርኔታችን የሚገባው በምድር ፋይበር ነው፣ በዋናነትም በጂቡቲ በኩል፤ እንደዚያ ባለው ጣቢያ የምትቀጠሩ ካላችሁ ኃይል በሜትር ሳትለኩ ጫፍ አትመልከቱ።

ወደ ሞጁሏ እንመለስ። ፋይበሩ ወጥቶ ሁለቱም ጫፎች ክዳናቸው ከተገጠመ በኋላ መቀርቀሪያዋን ትከፍታላችሁ። ባብዛኛው ፊቷ ላይ የታጠፈ የሽቦ እጀታ አለ፤ ሰማያዊ ከሆነ ብዙ ጊዜ የነጠላ ሞድ 1310 ናት፣ ጥቁር ወይም ቡኒማ ከሆነ የባለ ብዙ ሞድ 850። እጀታውን በጥፍራችሁ ወደ ታች አውርዱት፣ እስከ መጨረሻው። ግማሽ መንገድ ላይ ከቆመ መቀርቀሪያው አልተለቀቀም። ከዚያ በሁለት ጣት ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡ፤ ወደ ጎን አታወዛውዙ።

የተለቀቀች ሞጁል ስትወጣ ምን ያህል ጉልበት ትጠይቃለች? ያ የአምራቾች ሰነድ ከ11.5 ኒውተን አይበልጥም ይላል፤ አንድ ኪሎ ስኳር ለማንሳት ከምታወጡት ትንሽ ከፍ ያለ ነው። መቀርቀሪያው ተቆልፎ ሳለ ግን ሞጁሏ ቢያንስ 90 ኒውተን፣ ወደ ዘጠኝ ኪሎ የሚጠጋ ጉልበት እንድትችል ነው የተሠራችው። ስለዚህ ሁለቱን ጣት ያደከመ ነገር ካጋጠማችሁ ሞጁሏ «አልተፈታሁም» እያለቻችሁ ነው። በዚህ ጊዜ ፒንሳ የሚፈልግ እጅ አለ። ፒንሳ ያመጣ ሰው ሞጁሏን ብቻ አይሰብርም፣ የራውተሩን ቤት ያጣምማል፤ ሞጁል ይተካል፣ የራውተር ካርድ ግን ተተክቶ እስኪመጣ ወር ይፈጃል። መልሳችሁ ወደ ውስጥ ጫን አድርጓት፣ እጀታውን ዝጉና እንደገና ክፈቱ፣ ከዚያ ሳቡ። አብዛኛው ግትርነት በዚህ ይፈታል።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ፣ አዲስ ሰው ሁሉ ይወድቅበታል። ሁለት ረድፍ ፖርት ባለው ስዊች ላይ የታችኛው ረድፍ ሞጁሎች የተገለበጡ ናቸው። ላይኛው ረድፍ እጀታው ወደ ታች ሲከፈት፣ የታችኛው ወደ ላይ ይከፈታል። ይህን ሳያውቅ የታችኛውን ወደ ታች የታገለ ሰው እጀታውን ሰብሮ ሞጁሏን እዚያው ያስቀራታል። የመዳብ ገመድ የሚሰካባቸው የ10 ጊጋ ሞጁሎች ደግሞ ይግላሉ፤ ጣት ያቃጥላሉ፣ ሰው ደንግጦም ይጥላቸዋል።

ከወጣች በኋላ ያለው ሥራ ነው ብዙዎቻችን የምንዘለው። ሞጁሏን ክዳኗን አልብሳችሁ ስታቲክ በማያከማች ከረጢት ውስጥ አስገቧት፤ ከጠረጴዛ ጫፍ፣ ከሻይ ብርጭቆ አጠገብ፣ ከቁልፍና ሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ አይደለም። ባዶ የቀረውን የራውተር ቀዳዳም ክደኑት። የነጠላ ሞድ ፋይበር ብርሃኑ የሚያልፍበት ውስጠኛው ክር 9 ማይክሮ ሜትር ነው፤ የራስ ፀጉር ውፍረት ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። በዚህ ከተማ ከግንባታና ከመንገድ ከሚነሳው አቧራ አንዲት ቅንጣት ያንን ክር መሸፈን አያቅታትም። ክዳን የጠፋበት ቢሮ ውስጥ ሁሉም መስመር ቀስ በቀስ ይደክማል፣ ምክንያቱንም ማንም አይደርስበትም።

ከመሰካታችሁ በፊት ጫፉን በፋይበር ማጽጃ እስክሪብቶ አንዴ ጠቅ አድርጉት። በአፋችሁ እፍ አትበሉበት፤ ትንፋሽ ውሃ ነው። በሸሚዝ ጫፍ አትጥረጉ። ከኮሮና ወዲህ በየቦታው የተረፈው፣ ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮልም አይሆንም፤ ቀሪው ውሃ ነው፣ ሲደርቅ ነጠብጣብ ይተዋል። ለዚህ ሥራ 99 በመቶ የሆነው ነው የሚያስፈልገው።

በምትኳም ላይ ሁለት ነገር እዩ። በአንድ ክር የሚሠሩት ሞጁሎች ጥንድ ናቸው፤ በዚህ ጫፍ 1310 የምትልክ ከሆነ በወዲያ ጫፍ 1490 ወይም 1550 የምትልክ መሆን አለባት። ሁለቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ መስመሩ እስከ ነገ አይነሳም፣ ሰውም ሞጁሏ የተበላሸች መስሎት እንደገና ሲነቅል ይውላል። ሁለተኛው፣ የ80 ኪሎ ሜትሯን ሞጁል በአጭር ፓች ኮርድ መላኪያዋን ከመቀበያዋ አገናኝታችሁ አትሞክሩ። ለሩቅ መንገድ የተሠራው ብርሃን ማዳከሚያ ሳይኖር በአንድ ሜትር ሲደርስባት መቀበያዋ ሊጎዳ ይችላል።

ይህን ሁሉ የምለው እንዲሁ ለጥንቃቄ ሲባል ብቻ አይደለም፤ ገንዘብም አለበት። ሞጁል እዚህ አገር አይሠራም፣ በውጭ ምንዛሪ ይገባል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ 50 ጊዜ የምትቆየውን ሞጁል በከንቱ ነቅሎ መሰካት ድሮ ካስከፈለው እጥፍ ያስከፍላል። የሥራ ኃላፊዎች እዚህ ካላችሁ ለእናንተ ያለኝ ልመና አጭር ነው፤ ለእያንዳንዱ ቴክኒሺያን የእጅ ማሰሪያ፣ አንድ የማጽጃ እስክሪብቶ፣ አንድ ኪስ ሙሉ ክዳን፣ ከተቻለም አንድ የኃይል መለኪያ ግዙ። ፖርቶቹ ላይም መለያ ይለጠፍ፤ ከአሥር ዓመት በፊት ሥራ የለቀቀ ሰው በእስክሪብቶ የጻፈውን ምልክት አንብቦ ባንክ ማውረድ አይገባም።

ሠልጣኞች፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ከአገልግሎት የወጣ ባለ ሁለት ረድፍ ስዊች፣ ማሰሪያና ክዳኖች አሉ። ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ቅረቡ፤ የላይኛውን ከነቀላችሁ በኋላ የታችኛውን ሳትነቅሉ ማንም እንዳይቀመጥ። ነገ ስልክ ሲደወልላችሁ ደግሞ «ንቀለው» ከማለታችሁ በፊት የሚቀበለው ብርሃን ስንት እንደሆነ ጠይቁ።